የአባታችን ሕይወትና አርባዎቹ የብርቱካን እንጨት ሳህኖች

አባታችን የፍራፍሬ እርሻ ጠባቂ ከነበሩት አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ጥር 9 ቀን 1946 ዓ.ም. በእርሻው አጥር ሥር በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ገና በስድስት ዓመታቸው አባታቸው በማረፋቸው ያሳደጓቸው እናታቸውና በዘጠኝ ዓመት የሚበልጧቸው ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ እንጨት ቤት ተቀጥረው፣ ታናሻቸውን እስከ አሥረኛ ክፍል አስተምረዋል። ይህ የተጻፈው እውነት ስለሆነ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም የተጻፈው እውነት ስለሆነ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ ወንድማማቾች እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ አንድ ያረጀ ቶርኖ ገዝተው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ሥራው ሲከፋፈል ምላሱ ለታላቁ፣ እጁ ለታናሹ ደረሰ። ታላቁ ከደንበኛ ጋር ይነጋገራሉ፤ አባታችን መሮአቸውን ይዘው ከሚሽከረከረው እንጨት ፊት ይቆማሉ። በዚያ ሰሞን እርሻው ያረጁ የብርቱካን፣ የኮክና የዘይቱን ዛፎችን እየነቀለ ለማገዶ ይሰጥ ስለነበር አባታችን ግንዶቹን እየለመኑ በጋሪ ያመጡ ጀመር። ሰፈሩ «ማገዶ የሚሞሽሩት ሰውዬ» እያለ ሳቀባቸው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የሳቀው ሁሉ ሳህን ለማዘዝ ደጃቸው ተሰለፈ።

የፍሬ እንጨት አመሉ ክፉ ነው፤ በእርጥቡ ቀጭን አድርገው ከጨረሱት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አባታችን ሳህኑን መጀመሪያ ወፍራም አድርገው ይቀርጹና ሰጋቱራ በሞላበት ሣጥን ውስጥ ይቀብሩታል። በየወሩ እያወጡ ይመዝኑታል፤ ክብደቱንም ግርጌው ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። ሦስት ወር በተከታታይ አልቀንስ ሲል ብቻ መልሰው ቶርኖው ላይ አስረው ይጨርሱታል። አንዳንዱ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ደንበኛ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ አማላጅ ቢልክ፣ ወይ ፍንክች! በ1971 ዓ.ም. ያገቧቸው እናታችን እንኳ ለሠርጋቸው ቃል የተገባላቸውን የኮክ እንጨት ሳህን የተቀበሉት የመጀመሪያ ልጃቸው ጥርስ ካወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሴቶች ልጆች ተጨመሩ፤ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው መካከለኛዋ ናት። ከሦስቱ ቶርኖውን የተማረችም እሷው ብቻ ናት።

በ1988 ዓ.ም. አንድ አዲስ ሆቴል አርባ የብርቱካን እንጨት ሳህኖች አዘዘ። ሳህኖቹ ሰጋቱራ ውስጥ ስምንት ወር ቢቆዩም ክብደታቸው ገና እየቀነሰ ነበር። በዚህ መሐል እናታችን በጠና ታመው ሆስፒታል ገቡና አባታችን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋቸው ሥር አልተለዩም። የሆቴሉ ምረቃ ደርሶባቸው የተጨነቁት ታላቅ ወንድማቸው ሳህኖቹን ከሣጥኑ አስወጡ፤ ሌላ የቶርኖ ሠራተኛ ጠርተው አስጨረሱ፤ የእርሳሱን ቁጥር በብርጭቆ ወረቀት አስጠፍተው አስረከቡ። አባታችን ተመልሰው «ጋሼ፣ ይሰነጠቃሉ እኮ!» ቢሏቸው ያገኙት መልስ «አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ማሟረት!» የሚል ነበር።

ወር ሳይሞላ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አርባውንም ሳህን በካርቶን አስጭነው መጡና ሠራተኛና ደንበኛ በተሰበሰበበት ወለሉ ላይ ዘረገፏቸው። ሁሉም ከአፋቸው እስከ ግርጌያቸው ተሰንጥቀዋል። ታላቅ ወንድማቸው ዓይናቸውን ሳያሹ «የወንድሜ ሥራ ነው፤ ሚስቱ ከታመመች ወዲህ እጁ አልረጋ ብሏል» አሉ። አባታችን ሳህን ሲጨርሱ ጠረጴዛ ላይ እንዳይወዛወዝ ግርጌውን መሐሉ ላይ በትንሹ ጎድጎድ ያደርጉታል። የእነዚያ ግርጌ ግን ዝርግ ነበር። አንዱን አንስቶ ገልብጦ ያየ ሰው አልነበረም። አባታችንም አልገለበጡም።

የእኔ ሥራ አይደለም ሳይሉ ሳህኖቹን ለቅመው ወደ ካርቶኑ መለሱ። ዘመድ ይህን ጨዋነት ብሎ አሞግሶታል፤ የጨዋነቱ ምሬት ግን የደረሰው ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ነው። በሳምንቱ «ስንጥቁ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው፤ እኛም ትምህርት ቤት ሳይቀር «የስንጥቁ ልጆች» ተባልን። መካከለኛዋ ልጃቸው «አባዬ፣ ለምን አትናገርም?» ብላ ብትጮህባቸው፣ «እሱ ባይኖር እኔ ፊደል አልቆጥርም ነበር፤ ተይው» ብለው መሮአቸውን መሳል ቀጠሉ። ልጃቸው በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ተቀይማቸዋለች።

ዓመቱ ሳያልቅ ከሥራው ወጡ፤ ቶርኖውም የሥራ ቤቱ ስምም ለታላቅ ወንድማቸው ቀረ። አባታችን ያገለገለች ትንሽ ቶርኖ ፈልገው በጓሯችን የመጥረጊያ እጀታ፣ የአልጋ እግርና የሊጥ መዳመጫ ሲሠሩ ኖሩ። የብርቱካን እንጨት የሚያዛቸው ጠፋ። ቢሆንም ከሰጋቱራ ሣጥናቸው ሁለት ሦስት ሳህን ታጥቶ አያውቅም፤ ይመዝናሉ፣ ይጽፋሉ፣ ደርቆ ሲያበቃ ይጨርሳሉ፣ ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። አንዱም አልተሰነጠቀም።

የሃምሳ ዓመት የእንጨት ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በኦክስጅን ይረዱ ነበር። ባለፈው ወር ታላቅ ወንድማቸው ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ደጃችንን ረገጡ፤ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዘው። አልቅሰውም ይቅርታ ጠየቁ። ስማቸውን ያጠፉት በሰው ፊት፣ ይቅርታ የጠየቁት ግን በር ተዘግቶ ነበር። አባታችን ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጋሼ። ታሪኬን ልጄ ትጽፋለች፤ ቀብሬ ላይ አንተ ታነበዋለህ። አንድ መስመር እንዳትዘል» አሏቸው። ታላቅ ወንድማቸው ምን እንደሚጻፍ ሳይጠይቁ «እሺ» አሉ።

አባታችን ሰኔ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም እነዚያን አርባ ሳህኖች ሳይደርቁ ያስጨረሱትን፣ አሁንም በፊታችሁ ቆመው ይህን በገዛ አንደበታቸው እያነበቡላችሁ ያሉትን ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

የደከመን የማይረሳ አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል። አንባቢውንም ድምፃቸው ሳይቆረጥ እስከዚህች መስመር ያድርሳቸው።