በተጠባባቂነት ያለፈችው ታካሚ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የማህፀን ካንሰርና የጨረር ሕክምና ስፔሻሊስት ቅጥር በእኔ ጥፋት እንዳይሰረዝ፣ አንደኛ የወጡት ሐኪምም እስከ አርብ የቅጥር ደብዳቤ እንዲደርሳቸው ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

አመልካች በዚሁ ሆስፒታል የሰው ኃይል ቢሮ ለሠላሳ አንድ ዓመት በጽሕፈት ሠራተኝነት አገልግዬ በጡረታ የተሰናበትኩ፣ አሁን ደግሞ የካንሰር ክሊኒኩ ታካሚ ነኝ። ዕድሜ ልኬን የሰውን አቤቱታ ታይፕ ስመታ ኖሬ የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ንግግሬ ከመስመር ወጣ ቢል በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ኅዳጉ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ትናንት ከቢሮው እንደደረሰኝ የስረዛ ደብዳቤ አልተንጋደደም።

1. የወር አበባ ካቆምኩ ስምንት ዓመት አልፎኝ ሳለ ደም አየሁ። ለልጄ ሳልነግር ሁለት ወር ደበቅኩ፤ ምን ይባላል፣ ሞኝ ነበርኩ። ከሰባት ወር በፊት ተመርምሬ የማህፀን በር ካንሰር መሆኑ ተነገረኝ። በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜ አልፏል፣ በጨረር ግን የመዳን ተስፋ አለው፣ ሳይዘገይ ይጀመር ተባለ። “ሳይዘገይ” የሚለው ካርዴ ላይ ተጽፎ በቀይ ተሰምሮበታል። ቀዩ ቀለም እንኳ አሁን እየደበዘዘ ነው።

2. ሆስፒታሉ የጨረር ማሽን አለው፤ የለውም ብዬ አልዋሽም። ከተተከለ አሥራ አራት ወሩ ነው። ቴክኒሻኑ በየማለዳው ይከፍተዋል፣ ይፈትሸዋል፣ ደህና መሆኑን መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ይዘጋዋል። ሰው ግን ተኝቶበት አያውቅም። የጨረሩን መጠን ወስኖ፣ የት እንደሚያርፍ አስልቶ የሚፈርም ስፔሻሊስት የለማ! አንድ ቀን በበሩ መስታወት አጮልቄ ሳይ፣ የአልጋው ፕላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

3. ለቦታው ከአሁኑ በፊት ሁለት ጊዜ ማስታወቂያ ወጥቷል። ሁለቱንም ጊዜ አንዲት ሐኪም አመልክተዋል። በዚሁ በማህፀን ካንሰርና በጨረር ሕክምና ሠልጥነው የተመለሱ ናቸው። ሁለቱንም ጊዜ ውድድሩ ተሰርዟል። ምክንያቱም በቅጥር መመሪያው አንቀጽ 7 ላይ ከሦስት ያላነሱ ተወዳዳሪዎች ካልቀረቡ ውድድር እንደማይካሄድ ተደንግጓል። እንግዲህ ዶክተሯ አንድ ናቸው፣ ምን ያድርጉ? በዚህ ሙያ የሠለጠነው ሰው በሙሉ ቢሰበሰብ ለአንድ ሚኒባስ አይሞላም፤ በአንድ ሳምንት ሦስቱ ከየት ተጠራርተው ይምጡ?

ሁለተኛው ስረዛ የተለጠፈ ዕለት ዶክተሯን ከሰሌዳው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ዞር ብለው አዩኝና፣ “ይገርምዎታል እትዬ፣ ብቻዬን ተወዳድሬ ተሸነፍኩ” አሉኝ። ሳቅኩ። ከዚያ የሥራ መደቡን ስም አነበብኩ።

4. እዚህ ላይ መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ። አንቀጽ 7ን ታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። በዘመኑ የነበሩት ኃላፊ የሚስታቸውን ወንድም ብቻውን አወዳድረው፣ አንደኛ አስወጥተው፣ በጥበቃነት ቀጠሩት። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ እስከ ማዋለጃ ክፍል ይሰማ ነበር ይባላል። እንዲህ ዓይነት ነገር እንዳይደገም ተብሎ አንቀጹ ተረቀቀ። በእጅ በተጻፈው ረቂቅ ላይ “በጥበቃና በጽዳት ሠራተኞች ቅጥር” የሚል መነሻ ነበረው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ጉረኛ ነበርኩ፤ አንዲት መስመር ብቻዋን ወደ ሁለተኛ ገጽ ስትሻገር ማየት ያመኝ ነበር። ያቺን መነሻ ባወጣት ገጹ ልክክ ይላል። አወጣኋት። አለቃዬ ሳያነቡ ፈረሙ፣ “እጅሽ ይባረክ፣ እንዴት ያምራል!” ብለውም አመሰገኑኝ።

ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዘበኛም ሐኪምም በአንድ አንቀጽ ይዳኛል። በገዛ እጄ የቆፈርኩት ጉድጓድ ነው፣ እኔው ገባሁበት። እኔስ ይሁን፣ የእጄን አገኘሁ። በቀጠሮው አግዳሚ ወንበር ላይ ከእኔ ጋር የሚቀመጡት ሴቶች ግን ምን አጠፉ?

5. ወዲያው ወደ መዝገብ ቤት ሄጄ የድሮው ረቂቅ እንዲፈለግልኝ ለመንኩ። የመዝገብ ቤቱ ሹም የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው፤ ፋይሉ ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ወር ይፈጃል አሉኝ። በዚህ መሃል ሦስተኛው ማስታወቂያ ወጥቶ የምዝገባው ቀን ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ዶክተሯ አሁንም ብቻቸውን ነበር የተመዘገቡት። እንግዲህ ክቡርነትዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

እኔ ያደረግኩትን ልንገርዎት። ተመዘገብኩ።

6. አግዳሚው ላይ የምትጎራበተኝ ልብስ ሰፊ አለች፤ ሕመማችን አንድ ነው፣ ቀጠሯችንም አንድ ነው። እሷንም ይዣት ሄድኩ። “አንቺ፣ ምን ብዬ ልመዝገብ? ዶክተር ነኝ ልበል?” ብላ ደነገጠች። የሆንሽውን ተናገሪ፣ መመሪያው ሦስት ተወዳዳሪ ነው የሚለው እንጂ ሦስት ሐኪም አላለም አልኳት። አንዲት ቃል አልዋሸንም። ቅጹ የትምህርት ደረጃ ሲል የጽሕፈት ሙያ ዲፕሎማ ብዬ ሞላሁ። በዘርፉ ያለዎት ልምድ ሲል “ሰባት ወር፣ ያለ ዕረፍት” ብዬ ጻፍኩ። መዝጋቢው ቀና ብሎም አላየን፤ ማኅተሙን መታበትና፣ “እፎይ፣ ሦስት ሞላችሁ፤ ዘንድሮስ ተገላገልን” አለ።

7. ከዚያ ሰነዳችንን አጣርቶ የሚጥለን ይኖራል ብለን ስንጠብቅ ለቃለ መጠይቅ ተጠራን። ሙያውን የሚዳኘው ወንበር ባዶ ነበር። ስፔሻሊስት መቀመጥ ነበረበት፤ እሱን ለመቅጠር ነው ደግሞ የተሰበሰብነው። የተቀመጡት የሰው ኃይል ኃላፊው፣ የንብረት ክፍል ተወካይና የጋራዡ ኃላፊ ናቸው። የሥራ መደቡ ዋነኛ ችግር ምን ይመስልዎታል ተብዬ ተጠየቅኩ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። በሽታው ቀጠሮ እንደማያከብር፣ በወር አንዴ ተጠርቶ “ገና ነው፣ ይመለሱ” መባል ምን እንደሚመስል፣ ከአግዳሚው ላይ ባለፈው ወር የነበሩ ሁለት ሴቶች በዚህ ወር እንዳልመጡ፣ ለምን እንዳልመጡም ማንም ደፍሮ እንደማይጠይቅ። የንብረት ክፍል ተወካይዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

የጋራዡ ኃላፊ ነገሩን ለማለሳለስ ማሽን ላይ ሠርተው ያውቃሉ ወይ አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንድ ቀን ተበላሽቶብኝ አያውቅም አልኳቸው። ምን ዓይነት ማሽን ብሎ የጠየቀኝ ካለ ምላሴ ይቆረጥ። ልብስ ሰፊዋም ስለ ጥንቃቄ ተጠይቃ ሳትለካ ቀድዳ እንደማታውቅ አስረድታለች።

8. ባለፈው ሐሙስ ውጤቱ ተለጠፈ። ዶክተሯ በ88 ነጥብ አንደኛ። እኔ በ64 ነጥብ ሁለተኛ፣ ተጠባባቂ። ልብስ ሰፊዋ 51፤ እስካሁን አኩርፋኛለች፣ የአገልግሎት ዘመን ባይያዝልሽ አትበልጪኝም ነበር ትላለች። የክሊኒካችን ሲስተር ሰሌዳውን አንብባ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ሳቁ ፎቅ ወጥቶ ቢሮ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን ጊዜ ሰነድ ማጣራት ተጀመረ። ትናንት ሰኞ፣ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ታካሚዎች ሆነው ስለተገኙ ውድድሩ ተሰርዟል፣ ማስታወቂያው ለአራተኛ ጊዜ ይውጣ የሚል ደብዳቤ ደረሰን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ አይደለም ወይ?

9. ዶክተሯን ሌላ ሆስፒታል ጠርቷቸዋል። መልስ እንዲሰጡ የተነገራቸው እስከ አርብ ነው። ይህን የነገሩኝ ይቅርታ ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ ነው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ካርዴን ተቀብለው ቆመው አነበቡት፣ በቀይ የተሰመረችውን ቃል በጣታቸው ነኩ፣ “እትዬ፣ እኔ እዚህ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ግን አራተኛ ጊዜ አልመዘገብም፣ አቅሙም የለኝ” አሉኝ። አልፈርድባቸውም።

የመዝገብ ቤቱ ሹም እግዜር ይስጣቸው፣ ትናንት ከሰዓት ረቂቁን አግኝተው አመጡልኝ። ግማሹ በውኃ ርሷል፤ ያቺ እኔ ያወጣኋት መነሻ ግን ቁልጭ ብላ ትነበባለች፤ የአለቃዬም ፊርማ ከሥሯ አለ።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ፦

ሀ. እኔና ልብስ ሰፊዋ ከውድድሩ እንሰረዝ። ቅር አይለንም፤ እሷ ትንሽ ይላታል።

ለ. አንቀጽ 7 ሲረቀቅ ለጥበቃና ለጽዳት ቅጥር እንጂ ለሐኪም እንዳልነበረ ከረቂቁ ታይቶ፣ ዶክተሯ ብቻቸውን የቀረቡበት ውድድር እንዲጸናና ደብዳቤያቸው እስከ አርብ እንዲሰጣቸው።

ሐ. አይሆንም፣ አንቀጹ እንዳለ ይሠራል ከተባለ፣ እንግዲያው ሦስት ተወዳዳሪ ቀርቦለታልና ውጤቱም እንዳለ ይሥራ። ያን ጊዜ በአንቀጽ 12 መሠረት አንደኛዋ ቢቀሩ ተጠባባቂዋ ትጠራለች። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሥራ ገበታዬ እገኛለሁ። ነጩን ጋውን ልብስ ሰፊዋ በልኬ ሰፍታ ጨርሳለች። ክቡርነትዎ በመጀመሪያው ቀን መጥተው ቢያዩኝ ደስ ይለኛል፤ የመጀመሪያዋ ታካሚዬም እኔው ነኝ።

መ. ቢሮውን አታለልሽ ተብዬ ከተቀጣሁ ቅጣቱን እቀበላለሁ፤ በሃያ ስድስት ዓመቱ ጥፋቴም ላይ ይደመርልኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። የምቀርብበት ቀጠሮ ጨረሬን ከጨረስኩ በኋላ ይሁንልኝ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እስካሁን የቀለድኩት ስለምፈራ ነው። በጣም እፈራለሁ። ልጄ ማታ ማታ መተኛቴን ልታይ በሩን ገርበብ አድርጋ ስታዳምጥ የተኛሁ እመስላለሁ። በዚያን ቀን በእግሬ መጥቼ፣ ከፊትዎ ቆሜ፣ “አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ” ማለት እጅግ አድርጌ እመኛለሁ።

ከጡረተኛ አክብሮትና ከታካሚ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቀድሞ የጽሕፈት ሠራተኛ፣ የአሁን ተጠባባቂ ስፔሻሊስት

አባሪ፦ የአንቀጽ 7 የእጅ ጽሑፍ ረቂቅ (በፀሐይ የደረቀ)፣ የውጤት ማስታወቂያ፣ የካርዴ ቅጂ

ግልባጭ፦
ለሰው ኃይል ቢሮ
ለጨረር ክፍል ቴክኒሻን፣ የአልጋውን ፕላስቲክ እንዲገፍፍ