ከአልጋው እስከ በሩ፦ የአቶ ኃይለየሱስ ሀብተ ማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ኃይለየሱስ ሀብተ ማርያም ሁሩታ አጠገብ በእርሻ ይተዳደሩ ከነበሩት ከአቶ ሀብተ ማርያም ወልዴ እና ከወ/ሮ አሰፋች በየነ በጥቅምት ወር 1930 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በሁሩታና በአሰላ ተከታትለዋል። በ1949 ዓ.ም. በአሰላ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠሩ። የእጅ ጽሕፈታቸው ያማረ፣ ቁጣቸው ቅርብ፣ ይቅርታቸው ደግሞ ከቁጣቸው የቀረበ ነበር። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ሁለቱንም በደንብ ቀምሻለሁ።

በ1955 ዓ.ም. የጮሌ ተወላጅ ከሆኑት ከወ/ሮ ተሻለች ጋር በተክሊል ተጋብተው አበባንና ትርፌን ወለዱ።

በ1967 ዓ.ም. ክረምት ወ/ሮ ተሻለች ቤታቸው ውስጥ በድንገት ወደቁ፤ ግራ ጎናቸውም አልታዘዝ አለ። ጎረቤቱ ሁሉ በፍቅር ከበባቸው። ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት አጥር የሚጋሩት ወ/ሮ ሀሊሜ ቱሳ ነበሩ። አጉራሹ፣ አጣቢው፣ አልባሹ ተራ ገብቶ በሽተኛዋ ማንኪያ እንኳ እንዳያነሱ ሆኑ። ትረፍ፣ አትንኳት ነበር የሁሉም ቃል። ከሁለት ዓመት በላይ እንዲህ ተኝተው ክንዳቸው ደረታቸው ላይ ታጥፎ ቀረ። አዲስ አበባ ወስደዋቸው ያያቸው ሐኪም፣ እጃቸውን ያደረቀው በሽታው ብቻ ሳይሆን መተኛቱም ነው ብሎ ለአቶ ኃይለየሱስ ነገራቸው። ያሰርናት የምንወዳት እኛው ነን እያሉ ሲብሰለሰሉ ከረሙ።

በ1970 ዓ.ም. በአርባ ዓመታቸው ሥራቸውን ለቀው ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የተሳሰረ አካልን በእንቅስቃሴ የማፍታታት ሙያ፣ ሊማሩ ወሰኑ። ጊዜው እንደሚታወቀው ነበር። የመንግሥት ሥራ በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ሰው አንድ ነገር አስቧል ይባላል። ቀበሌ ተጠርተው፣ የፍርድ ቤት ወንበር ትቶ የሰው እግር ማሸት የሚያምረው ምን ዓይነት ሰው ነው እየተባሉ ሲጠየቁ ዋሉ። እኛ ደጅ ቆመን የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፍቶን ነበር። የይለፍ ወረቀታቸውን ይዘው ሲወጡ በቀጥታ ቤት ገብተው ዕቃቸውን ማሰር ጀመሩ።

ኮርሱን ጨርሰው በ1972 ዓ.ም. አሰላ ሲመደቡ ሙያቸውን መጀመሪያ የፈተኑት በገዛ ቤታቸው ነው። ወ/ሮ ተሻለችን ማንም እንዳያጎርስ፣ ማንም ደግፎ እንዳያነሳ ከለከሉ። ክንዳቸውን ሲያፍታቱላቸው የሕመሙ ጩኸት መንገድ ድረስ ይሰማል። ወ/ሮ ሀሊሜ ሰላምታ ነሷቸው። አንድ ቀን ወ/ሮ ተሻለች ብቻቸውን ሲነሱ ወድቀው ከንፈራቸው ተሰነጠቀ፤ ወሬውም ጮሌ ደረሰ። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ገብረ መድህን ሽማግሌዎች አስከትለው፣ መኪና ደጅ አቁመው እህታቸውን ሊወስዱ መጡ።

«እህቴን የዳርኩልህ እንድታኖራት እንጂ እንደ ወይፈን እንድትገራት አይደለም» አሏቸው።

አቶ ኃይለየሱስ፣ ያ ሁሉ ቁጣቸው የት እንደገባ እንጃ፣ ከበሩ ፈቀቅ አሉ። ባለቤታቸው ጮሌ ሄደው ዳግም ከተኙ ሁሉም ነገር እንደሚያበቃ ያውቁ ነበር፤ በግድ ማስቀረት ግን አልፈለጉም። አቶ ገብረ መድህን ሊያነሷቸው ጎንበስ ሲሉ ወ/ሮ ተሻለች «ተወኝ ጋሼ፤ ብወድቅም እኔው ልውደቅ» አሉ። አልጋውን ተደግፈው ተነሱ። አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ አመሩ። መሐል ላይ ሲንገዳገዱ ጥግ ተቀምጠው የነበሩት ወ/ሮ ሀሊሜ ሊደርሱላቸው ብድግ አሉ፤ አቶ ኃይለየሱስ ፊታቸው ቆመው መንገዱን ዘጉባቸው። መንገዱን የዘጉት እሳቸውም ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ወ/ሮ ተሻለች የበሩን መቃን ደርሰው በዚያ በታጠፈው ግራ እጃቸው ያዙት፤ ዞር ብለውም የትም እንደማይሄዱ ለወንድማቸው ነገሯቸው። አቶ ገብረ መድህን አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን። መኪናው ባዶውን ወደ ጮሌ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አቶ ኃይለየሱስ ከኦጎልቾ ገበሬ እስከ ጦር ሜዳ ቁስለኛ ብዙ ሰው በኦሮምኛ እየተቆጡ፣ በአማርኛ እያባበሉ አስነስተዋል። ሁሉም አልተነሳም። ከተነሱት ወጣቶች ወደ ግንባር የተመለሱም ነበሩ፤ ስለ እነሱ ብዙ አይናገሩም ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እኛን ወንድም እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ልትሸኟቸው ለመጣችሁም ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

በመጨረሻ ወ/ሮ ተሻለች እንድናሳስብ ያሉን አንድ ነገር አለ። ሐዘንተኛን ግራና ቀኝ ደግፎ መያዝ ወጋችን ነው። አሁን ከዚህ ተነስተን ወደ መቃብሩ ስንሄድ ግን፣ እባካችሁ፣ ማንም ክንዳቸውን አይያዝ። መንገዱን ብቻ ልቀቁላቸው፤ ባለቤታቸውን በእግራቸው ሄደው ይሸኛሉ።