ድልድዩ ላይ የቆመው ሽማግሌ

ሰኞ

ይሠራል። ወላሂ፣ የልጅነታችን ቲቪ ጌም ይነሳል ብዬ አላመንኩም ነበር። ወንድሜ ጀማል ከሞባይል ጥገና ሱቁ ሲመለስ አዲስ አዳፕተርና ቢጫና ነጭ ገመድ ይዞ መጣ። ካሴቱን ነቀለ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ሰካው። የእማ ቴሌቪዥን መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ተርገበገበ፣ ከዚያ ያ ሰማያዊ ሰማይ ከነሙዚቃው መጣ። እማ ከጓዳ ሆና «ያን ነገር ደግሞ አስነሳችሁት?» አለች። ሙዚቃውን ከሁላችን ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት።

ቲቪ ጌሙን ያመጣልን አባታችን ነው፣ አላህ ይዘንለትና፣ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና በሚነዳበት ዘመን። አዳፕተሩ ሲቃጠል ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ፣ እዚያው ቀረ። ትናንት እማ ስታጸዳ ነው ያገኘችው። የሁለተኛውን ጆይስቲክ ገመድ ገና ልጆች ሳለን አይጥ በልቶብን ስለነበር እኔና ጀማል የምንጫወተው በአንዱ ነበር፤ ተራ በተራ ሳይሆን አንድ ላይ። እኔ በግራ በኩል ቀስቶቹን እይዛለሁ፣ እሱ በቀኝ በኩል ሁለቱን ቀይ ቁልፎች። የማስኬደው እኔ ነኝ፤ ሰይፍ የሚመዘውም የሚያናግረውም እሱ። የሰውዬውን ስም ማንበብ ስላቃተን ኢብሮ ብለን አወጣንለት።

ዛሬም እንደዚያው ሞከርን። ትከሻችን ተጋጨ። ሁለታችንም ወፍረናል። ኢብሮ በመጀመሪያው እባብ ሞተ። ጀማል ዘግይተሻል አለኝ፣ አንተ ነህ የፈዘዝከው አልኩት።

ሌላውን ነገር ለመርሳት ጥሩ ነው። ሌላው ነገር ይኸው፦ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ወደ ኮምቦልቻ እንድመለስ ባለቤቴ ያሲን የላካቸው ናቸው። የሚመሯቸው ደግሞ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የጨፋ ሮቢቱ ሸህ እንድሪስ። እኚህን ሰው እምቢ ያለ የቤተሰባችን ሰው አላውቅም።

ማክሰኞ

ክሊኒክ ዋልኩ። ከጨፋ በኩል የሚመጣው ወባ አልቀነሰም፣ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ማይክሮስኮፕ ላይ ነበር። ሥራው ጊዜያዊ ነው። ግን የክሊኒኩ ባለቤት ዛሬ ለአንድ ታካሚ «አሁንስ ላብራቶሪያችን ሰው አግኝቷል» ሲል ሰማሁት። ያልሰማሁ መሰልኩ። ደስ ብሎኛል።

ከሥራ በኋላ ብቻዬን ተጫወትኩ። ሁለቱንም እጅ ማዘዝ አቅቶኝ ብዙ ጊዜ ሞትኩ፣ በኋላ ለመድኩት።

ድሮ ያላየሁት ብዙ ነው። ኢብሮ ከቤቱ ሲወጣ በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማ እጇን ታነሳለች። እናቱ ትሁን ሚስቱ አይለይም። ያ የሚያስፈራን ጫካ ሦስት ዛፍ ነው፤ ሦስቱ ናቸው እየተደጋገሙ ጫካ የሚሆኑት። እባቦቹም አያሳድዱም። አንድ መስመር ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ እንጂ የትም አይሄዱም፣ ዘለን የምንገባባቸው እኛው ነበርን። ከጠቅላላው ጌም አብዛኛው መሄድ ነው። ሰይፍ የሚመዘዝበት ጊዜ ትንሽ ነው፣ ጀማል ግን ያኔ ዋናው ሥራ የሱ እንደሆነ ያስወራ ነበር።

ከጫካው በኋላ ወንዝ አለ፣ ወንዙ ላይ ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌ። ከሱ አልፈን አናውቅም። ስንደርስ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ይናገራል፣ ከሥሩ ሁለት ቃል ይወጣል፣ ከላይ የስ፣ ከታች ኖ። ያኔ ከእንግሊዝኛ የምናውቀው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነበር። ጀማል «አዎ በይው፣ ሽማግሌ ነው» ይለኛል። ቀስቱ ራሱ የስ ላይ ስለሆነ የምነካው ነገር የለም፣ እሱ ቀዩን ይጫናል። ከዚያ ሁሉም ይጠቁርና ኢብሮ በሩ ላይ ቆሞ ይገኛል። እንደገና ከመጀመሪያው።

ለምን እንደሚመልሰን ስንት ነገር አሰብን። ባዶ እጃችንን ስለሄድን ነው አልን፣ ዓሣ አጥምደን ወሰድንለት። ዳቦም፣ ቁልፍም ወሰድንለት። ሰላምታችን አጥሮ ይሆናል ብለን ፊቱ ብዙ ቆምን። አንድ ቀን ጀማል ጫማ ሳናወልቅ እየቀረብነው ነው አለ። የጫማ ማውለቂያ ቁልፍ ፈለግን። የለም።

ዛሬ ድልድዩ ጋ ልደርስ ስል መብራት ሄደ።

ረቡዕ

ደረስኩ። አነበብኩት። ብቻዬን ሳቅኩ፣ እማ ምን ነካት ብላ ብቅ አለች።

ሽማግሌው የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ «ማዶው አደገኛ ነው። ወደ ቤትህ ትመለሳለህ?»

እኛም አዎ። ስንት ክረምት ሙሉ አዎ። ዓሣ ይዘን፣ ዳቦ ይዘን አዎ። እሱም አዎ ያልነውን ይፈጽምልናል። ጌሙ ተበላሽቷል ያልነው ሁሉ ትክክል ይሠራ ነበር። የሠሩት ሰዎች ለሽማግሌ እምቢ የማይል ልጅ አለ ብለው አላሰቡም።

ለጀማል ደወልኩለት። አልሳቀም። «ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ባትነግሪኝ ይሻል ነበር» አለ። የምሩን ነው የተከፋው።

አንድ ነገር ግን አልነገርኩትም። ጥያቄውን አንብቤ፣ ገብቶኝ፣ ከዚያም የተጫንኩት የስ ነው። አስቤበት አይደለም፣ ጣቴ ነው። ኢብሮ በሩ ላይ ቆመ፣ ሴትዮዋ እጇን አነሳች። ዘጋሁት።

እማ ማታ ራት ላይ የዘወትሩን ጠየቀችኝ። መትቶሻል? አልመታኝም። ሰድቦሻል? አልሰደበኝም። እና ምን ሆነሽ ነው? ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፣ እሷ ጋ ሲደርስ ግን ምንም ያልሆነ ነገር ይሆናል። እስቲ እዚህ ልጻፈው። ያሲን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። አንድ ጠዋት የምሠራበት ክሊኒክ ሄዶ፣ ቢሮ ገብቶ፣ ሰዓዳ ከእንግዲህ ሥራ ትታለች፣ ሌላ ሰው ፈልጉ ብሏቸው ወጣ። እኔ እዚያው ግቢ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ደም እያየሁ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ኃላፊዋ መጥታ መልካም ዕድል አለችኝ። ቤት ስደርስ ዕቃችን አይሱዙ ላይ ተጭኗል፣ እናቱ ግቢ ልንገባ ነው። አልጋዬ ተፈቶ ከላይ ታስሯል። ሻንጣዬን ከዕቃው መሃል አውርዱልኝ አልኳቸው፣ አወረዱልኝ፣ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ይኸው ነው። በቃል ሲነገር እውነትም ትንሽ ነው።

ሐሙስ

ጀማል ኩርፊያውን ረስቶ በጊዜ ሱቁን ዘግቶ መጣ። በድሮው ዓይነት፣ በአንድ ጆይስቲክ። እስከ ድልድዩ ሳንሞት ሄድን። ሽማግሌው ጠየቀን። ጀማል «አንቺ አውርጂው፣ ቀስቱ ያንቺ ነው» አለኝ። አወረድኩት። ጀማል ግን ቀዩን አይጫንም። ምነው አልኩት። «ቢያንስ ምክንያቱን የሚናገሩበት ቦታ ቢኖረው» አለ። ከዚያ ተጫነው።

ሽማግሌው ምንም አላለም። አልተቆጣም፣ አልረገመም። ወደ ጎን አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ፣ አሳለፈን። ይህን ያህል ዓመት የፈራነው ነገር ይህ ነው።

ማዶውስ? ያው ነው። ሣሩ ትንሽ ይጠቁራል፣ ሙዚቃው ይቀየራል፣ እባቦቹ ይፈጥናሉ። ቤተ መንግሥት ይኖራል ብዬ ነበር። ብዙም ሳንሄድ ሞትን። ጀማል ለነገ ተለማመጅበት ብሎ ቀለደ። አልሳቅኩም። ጌም ውስጥ እናት አጠገብሽ ተቀምጣ አታለቅስም።

ወደ ክፍሌ ስገባ ሻንጣዬ አልጋው ላይ ነው። ተሞልቷል፣ ዚፑም ተዘግቷል። ልብሴ ታጥቦ ታጥፎ፣ ጫማዬ በፌስታል፣ ነጩ ጋወኔ ከሁሉም በታች። እማን ጠየቅኳት። ነገ ሽማግሌዎቹን በር ላይ እንዳታስቆሚያቸው ብዬ ነው አለች። ቀስ ብላ፣ በፍቅር ነው ያለችው። ያሲንም እንደዚያ ነበር የሚናገረው።

ተናደድኩ። እናቴ ላይ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። እያንዳንዱን አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩት። ጋወኑን ተኮስኩት።

ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ነገ ሌላ መልክ እንዳይኖረው።

ከጁምዓ በኋላ መጡ። አጎቴ ሸህ እንድሪስ፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ከያሲን ወገን ሁለት ሰዎች። መኪናቸው ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ቆመ። ሹፌሩ አልወረደም። ጀማል ጫት ገዝቶ ነበር፣ እማ ሩዝ በሥጋ ሠርታለች። በሉ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ስለ ዝናቡ ተጫወቱ፣ ስለ ማሽላው ተጫወቱ። እኔ ጓዳ ነኝ። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ።

ተጠራሁ። አጎቴ «ታኢ» አሉኝ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከሁለቱ ወፈር ያለው ሰውዬ ረጅም ንግግር አደረገ። ትዳር፣ ትዕግሥት፣ የሰው አፍ፣ ዕድሜዬ፣ አለመውለዴ፣ የያሲን ጨዋነት። ከምራቷ ጋር ያልተጋጨች አማት የለችም አለ። ከእናቱ ጋር መቼ እንደተጋጨሁ ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድም ቀን የለም።

ከዚያ አጎቴ ወደኔ ዞሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዲህ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ አይደል?»

እማ ሻርፗን ወደ አፏ ወሰደች።

«አልመለስም» አልኩ።

ድምፄ ትንሽ ነበር። ወፈር ያለው ሰውዬ ለአጎቴ፣ ጥያቄው አልገባት ይሆናል፣ ይድገሙላት አላቸው። ደገሙልኝ። እኔም ደገምኩ፦ «ገብቶኛል አጎቴ። አልመለስም።»

ጀማል ምንጣፉን ያያል። እማ ማልቀስ ጀመረች፣ ያለ ድምፅ፣ ይህ ይብሳል። ልነሳና እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ይህንን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው።

አጎቴ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «ለምን?» አሉኝ።

እስከ ዛሬ ምን ሆነሽ ነው ተብያለሁ፣ ምን ነካሽ ተብያለሁ። ለምን ያለኝ አልነበረም። ነገርኳቸው። ክሊኒኩን፣ ቢሮውን፣ አይሱዙውን፣ አልጋዬን። አላሳመርኩትም። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ ሥራዋን ትታለች ሲላቸው አንቺ የት ነበርሽ? እዚያው ሥራ ላይ ነበርኩ አልኩ።

አጎቴ ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞረው በኦሮምኛ ቀስ ብለው ተናገሩ። ከአማቷ ተጣልታ ነው ብላችሁ ነው ያመጣችሁኝ፣ ይህንን ግን አልነገራችሁኝም አሏቸው። ወፈር ያለው ሰውዬ ይህስ ምን ችግር አለው ሊል ጀመረ፣ አጎቴ እጃቸውን አነሱ፣ ተወው። ከዚያ ዱዓ አደረጉ። ለእኔም ለያሲንም፣ በእኩል። ዱዓው አሚን ሲባል ነገሩ ለዛሬ ተዘግቷል ማለት ነው። ሁለቱ ሄዱ። አጎቴ አብረዋቸው አልሄዱም፣ እዚህ አድራለሁ አሉ።

እማ አላናገረችኝም። ሳህን ሳጥብ መጥታ ከጎኔ ቆመች፣ አደረቀችልኝ፣ ወጣች።

ቅዳሜ

እማ አሁንም ዝም። ቁርስ ግን አስቀምጣልኛለች።

ፈራሁ ልበል? ፈርቻለሁ። ያሲን ዝም ብሎ የሚተው ሰው አይደለም፣ ሌላ ሽማግሌ ይልካል። ፍቺ ከተባለም መንገዱ ረጅም ነው። የክሊኒኩ ሥራ ጊዜያዊ ነው። እምቢ ማለቱ ምን እንደሚያመጣብኝ አላውቅም፣ ግን ሌሊቱን ተኝቻለሁ፣ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል እንደዚያ ከተኛሁ።

ጠዋት አጎቴን ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ለባጃጅ እንቁም ብላቸው እምቢ አሉ፣ በእግር ሄድን። እየሄዱ ከሰው ሁሉ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ አካም ቡልቴ፣ ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ስለ ትናንቱ አንድም ነገር ሳያነሱ። እኔም ለማንሳት አልደፈርኩም። የጨፋ ሮቢቱ ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። ያኔ ቆም አሉ።

«እኔኑ መልሰው መላካቸው አይቀርም» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። ምን ይሏቸዋል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እግሬን ያመኛል እላቸዋለሁ።»

ፊታቸውን አየሁ፣ አይስቁም። ወያላው ሽማግሌ አይቶ ሊደግፋቸው እጁን ዘረጋ። አልያዙትም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በአንድ እርምጃ ወጥተው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ።