ከታች የተቀመጠው ፓምፕ

ሸሕዲ፣ ኅዳር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለቸሩ፣

የወደቡ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔን ካልክ ቆሜ እሄዳለሁ። ተቀይሜህ እንኳ «በልቶ ይሆን?» ማለቴን አልተውኩም፤ እናትነት ሞኝነት ነው።

የእርሻው የውሃ ፓምፕ ሲሰበር አዲሱ በመርከብ እየመጣ ነው አሉን። የክሬኑን ተራ የምታወጣው አንተ ስለሆንክ ደስ አለኝና «የእኛን ከታች አድርግልን» ብዬ ጻፍኩልህ። እዚህ መኪና ሲጫን የሚሳሱለት ዕቃ ከታች ነው የሚገባው፤ ሽፍታም ዝናብም የሚያገኘው የላዩን ነው። ፓምፑ ያለበትን የታችኛውን ኮንቴይነር ለማውጣት ክሬኑ መጀመሪያ ከላዩ ያሉትን ሦስቱን ማንሳት እንዳለበት እኔ የመጋዘን ሴት ከየት ልወቅ? አንተ ግን ታውቅ ነበር። «እማዬ፣ ይሄ አይሆንም» ማለት አቃተህ?

ክሬኑ አዲስ መርከብ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ሲዞር የእኛ ተራ ሳይደርስ ሰሊጡ ደረሰ። ከጎጃም የመጡት አጫጆች የኩሬ ውሃ ጠጥተው ተቅማጥ ሲይዛቸው ጥለውን ሄዱ። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ረገፈ። ፓምፑ የደረሰው ባለፈው ማክሰኞ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ትናንት የእርሻው ኮሚቴ ጠራኝ። ሊቀ መንበሩ ከጎንደር የመጣ አዲስ ሰው ነው፤ ልጄ መሆንህን አያውቅም። ከወደቡ የተላከ ወረቀት አነበበልኝ፦ «ኮንቴይነሩ ከታች የተቀመጠው በእርሻው መጋዘን ኃላፊ ጥያቄ ነው።» ወረቀቱን ሲያሳየኝ የእጅ ጽሕፈትህን አወቅሁት። አልዋሸህም፤ እኔው ነኝ የጠየቅሁት። ግን እናቴ ናት ማለት አስፈራህ፣ ቸሩ። ያ ነው ያንገበገበኝ።

«ይህ አሻጥር ነው» አለኝ ሊቀ መንበሩ። «ይህን የወደብ ሠራተኛ ያውቁታል?»

ለምስክርነት የተጠራው ባለሱቁ ሷሊህ «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ይሄማ የሷ...» ብሎ ሳይጨርስ እጁን ጨበጥኩት።

«አላውቀውም» አልኩ። አሻጥረኛ እናት ያለችው ልጅ ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ።

ነገ ወደ ጎንደር ይወስዱኛል። ስንቄን ጎረቤቴ ሐሚዳ ቋጥራልኛለች። እናቴን ልጠይቅ ብለህ እንዳትመጣ። ይህን ደብዳቤ የሷሊህ ወንድም በእጁ ይሰጥሃል፤ አንብበህ ቅደደው።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርህ፤ የምታሳፍርህ ሳይሆን የምትኮራባት ሚስት ይስጥህ። ስለ እኔ ቢጠይቁህ አላውቃትም በል። ለአንተ አዲስ አይሆንብህም።

እናትህ
ፋናዬ