የተካዩ ስም

ፀዳ፣ ግንቦት 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ልብሽ ሰላም፣ ደጃፍሽ ሸጋ ይሁን። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽን የያዘሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይ? ላሟስ ወለደች? እኔ በአምላክ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም። በስልክ እንዳልነግርሽ መስመሩ ይቆራረጣል። ባይቆራረጥም ድምፄ አይታዘዝልኝም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ለብቻሽ ሆነሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ሥራዬን ብዙ ጊዜ ትጠይቂኛለሽ፤ እኔም “ደህና ነው” ብዬ አልፈዋለሁ። የምሠራው የአሉሚኒየም ማቅለጫ ውስጥ ነው። የተቀደደ ድስት፣ የተሰበረ የመኪና ዕቃ ይመጣል፤ ቀልጦ የበር እጀታ ይሆናል። ሲፈስ ብታዪው፣ እማዬ፣ ጨረቃ ወተት ሆና የወረደች ነው የሚመስለው። ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ ብርሃኑ ውስጤ ይቀራል፤ አንዳንድ ቀን በሕልሜ ያቺን ብርሃን በእንስራ ተሸክሜ ወደ አንቺ ስወጣ አያለሁ። የእኔ ድርሻ ምድጃው የሚበላውን ከሰል መዝኖ መጻፍ ነው።

እጀታዎቹ ጣሊያን ይሄዳሉ። አውሮፓውያን ግን አዲስ ሕግ አመጡ። አሉሚኒየም ይሁን ብረት፣ ሲሠራ ስንት የካርቦን ጭስ እንዳወጣ ተጽፎ ይቅረብ፤ አስመጪውም በጭሱ ልክ ይክፈል አሉ። ያልተጻፈለትን እነሱ ከፍ አድርገው ይገምቱበታል። ገዢያችን “እውነተኛውን ቁጥር ካልላካችሁልኝ ከሌላ አገር እገዛለሁ” ብሎ ጻፈ። ሠላሳ አንድ ሰው ነን እዚያ ምድጃ ሥር የምናድር። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች “ጭስ ደግሞ ይመዘናል ወይ?” እያሉ ሳቁ።

ነገሩ ከሰሉ ላይ ደረሰ። ከሰሉ በእጅ ከተተከለና መልሶ ከሚያድግ ዛፍ ከሆነ፣ ያውም ማስረጃ ከተገኘለት፣ ጭሱ አይቆጠርብንም። ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ግን እንደ ድንጋይ ከሰል ይቆጠራል። ከሰሉን የሚያመጣልን አያ ነጋ የሚባል ሰው ነው። “ከእንፍራንዝ በላይ ነው፤ ባሕር ዛፍ ነው” አለ። የማቅለጫው ባለቤት ሐጂ ዐብዱልከሪም “በቃ፣ ይኸንኑ ጻፊ” አሉኝ። እኔ ሳላይ አልጽፍም አልኩ። መንገድ በተከፈተ ሳምንት፣ መጋቢት ላይ፣ ከአያ ነጋ ጋር በአይሱዙ ሄድኩ።

አዎ፣ እኛ አገር ድረስ መጥቼ ነበር። ይቅር በይኝ።

ከአስፋልቱ ወጥተን ዳገቱን ስንይዝ ልቤ ቀድሞኝ አወቀ። ጣና ከታች ጭጋግ ለብሶ ተኝቷል፤ ውሃው የቱ፣ ሰማዩ የቱ እንደሆነ አይለይም ነበር። ከዚያ የድንጋዩን እርከን አየሁ። የደረደረውን የአባቴን እጅ አውቀዋለሁ፤ ድንጋይ ሲያቀብሉት የነበሩትን ትንንሽ እጆችም አውቃቸዋለሁ። እርከኑ አለ። ዛፎቹ ግን የሉም፤ ከላይ በኩል ጥቂት ቀርተዋል። ሌላው ሁሉ ጉቶ ነው።

አያ ነጋ የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቅም። እንዲህ ሲል አጫወተኝ፦ “የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነው። ልጇ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በገባች ዓመት የመጀመሪያውን መስመር አስቆረጠች። ከዚያ በየዓመቱ አንድ አንድ መስመር። ጉቶውን እንዳትነቅልብኝ፣ ለልጄም እንዳይሰማ ብላ አስምላኛለች።”

ጉቶዎቹ መሐል ሄድኩ። እማዬ፣ ከያንዳንዱ ጉቶ ቡቃያ አቆጥቁጧል! ቀድሞ የተቆረጠው ከእኔ ቁመት አልፏል፤ የቅርቡ ገና ጉልበት አልደረሰም። በእነሱ መሐል ስሄድ የተማርኩባቸውን ዓመታት አንድ በአንድ የምረግጣቸው መሰለኝ። ፎቶ አነሳሁ፤ ቁመታቸውን ለካሁ።

የዛፎቹ ባለቤት ከበታች በኩል ከቤቷ ወጥታ ቆመች። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ ላይ ተመለከተች። እኔ ከመኪናው ጀርባ ሆንኩ። ሄጄ ጉልበቷን ልስም ይገባኝ ነበር። የደበቀችውን በድንገት ገልጬ ፊቷን ማሳፈር መስሎኝ ፈራሁ። አሁን ሳስበው ግን ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ፀዳ ተመልሼ ሪፖርቱን ጻፍኩ። ከአሥር ማዳበሪያ ከሰል ሰባቱ ከዚያ እርከን ነው፤ ሦስቱ ግን አያ ነጋ ራሱ ከገበያ የገዛው ነው፣ ወይራ ይሁን ግራር አይታወቅም። እንዳለ አሰፈርኩት። ሐጂ ተቆጡ። “ምነው ልጄ፣ ሁሉንም ከእንፍራንዝ ነው ብትይው ማን ያያል?” አሉኝ።

“እኔ አይቻለሁ፣ ሐጂ” አልኳቸው።

የዚያን ቀን ሳይፈርሙ ሄዱ። በማግሥቱ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት ሲመለሱ ወረቀቱን አምጪ ብለው ቁጭ አሉ። ቅጹ ላይ የዛፉ ተካይ ስም ተጽፏል፤ ከግርጌው ሪፖርቱን ያዘጋጀው ሰው ስም፣ የእኔ ከነአባቴ። ጣታቸው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ተመላለሰ።

“ሞክሼ ነው?” አሉኝ።

“አባቴ ነው” አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ነገ ሌላ ሰው አውቆ ሐሰተኛ እንዳይለን ብለው አንድ መስመር አስጨመሩኝ፤ ያዘጋጀችው የተካዩ ልጅ ናት የሚል። ከነሦስቱ ማዳበሪያ ፈረሙበት። “ስትጽፊላት ሰላምታዬን አድርሺልኝ” አሉ። ይኸው አደረስኩ።

ገዢው መልስ የሰጠው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ቁጥሩን ተቀብሎታል፤ ምንጩ ያልታወቀውን ከሰል ግን እንድናቆም ጠይቋል። ትዕዛዙ ካምናው አንሷል፤ በሳምንት አራት ቀን ብቻ እንሠራለን። የተባረረ ሰው የለም። አያ ነጋም ከገበያ መግዛቱን ትቷል።

ለሰኔ ሚካኤል እመጣለሁ። በዚህ ጊዜ ከመኪናው ጀርባ አልቆምም። ከላይ የቀሩትን ጥቂት ዛፎች ማንም እንዳይነካቸው፤ አሁን ደመወዝተኛ ነኝ።

ደግሞ አንድ ነገር። በየመስከረሙ “አጎትሽ ላከልሽ” እያልሽ በመቀነትሽ ጫፍ ቋጥረሽ ትሰጪኝ ለነበረው ገንዘብ ሁሉ አመስግኜ አላውቅም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይልኝ። አጎቴን ግን አታስቸግሪው። ለሚገባው ሰው አድርሺልኝ፤ ቤቱን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ጤናሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፣ እግርሽን ዳገቱ አይክበደው።

የምትወድሽ ልጅሽ