ኢንሻአላህ ከነቀኑ

ሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 1999፣ ዓለም ከተማ

ነፋስና አቧራ። ስፌት ሱቃችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ ሰይድና ወይዘሮ አስካለ። እሳቸው እሑድ ልጃቸውን ይድራሉ። ሁለት ጨርቅ አመጡ፤ አንዱ ለሙሽራዋ ቀሚስ፣ አንዱ ለራሳቸው። «ዓርብ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ» አልኩ።

«ተይኝ ዘይነባ! ኢንሻአላህሽን አውቀዋለሁ። እውነተኛውን ቀን ንገሪኝ።»

ሰይድ ሳቀ። ፊቴን አየና ጨርቁን ማጠፍ ጀመረ። አውቶቡስ ሲዘገይ መናኸሪያ ያሉ ሰዎች «የዘይነባ ኢንሻአላህ ሆነ» እንደሚሉ ሰምቻለሁ። በእኔ የሚቀልዱ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን መቀለጃ ያደረግኩት የአላህን ስም መሆኑ ገባኝ። የመጣውን ጨርቅ ሁሉ እቀበላለሁ። እንደማይደርስ እያወቅኩ እምቢ ለማለት አፍራለሁ፤ ከዚያ ያንን ቃል እጨምርበትና እሸሸግበታለሁ።

በልቤ ቆርጬ ኒያ አድርጌያለሁ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ሁለቱም ያልቃሉ።

ማክሰኞ

ብርድ ነው። ቀኑን በሶላት ከፈልኩት።
ከንጋቱ ሱብሂ በኋላ፣ እጄ ሳይደክም፣ መቁረጥ።
እስከ ቀትሩ ዙሁር መስፋት። ከዙሁር በኋላም መስፋት።
ሰው ማነጋገር ከዐስር በኋላ ብቻ።
የምሽቱን ኢሻ ሰግዶ መተኛት። በኩራዝ መስፋት ቀርቷል፤ ዓይኔም የማረፍ ሐቅ አለው።

ጨርቃቸውን አስቀምጠው ለሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ትክክለኛውን ቀን ነገርኳቸው። ሁለቱ እሺ አሉ። አንዱ ጨርቁን ይዞ ሄደ። ከፋኝ፤ ግን ደግሞ ቀለል አለኝ። የሙሽራዋን ቀሚስ ቆረጥኩ። አንድ ስንዝር አልባከነም።

ረቡዕ

ረፋድ ላይ የስፌት መኪናዬ ጠፍር ተበጠሰ። ድሮ ቢሆን «አላህ ያለው ነው» ብዬ እቀመጥ ነበር። ጫማ ሰፊው ጋሽ ከበደ ዘንድ ሮጥኩ።

«ነገ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ፣ ጥርሳቸውን እያሳዩ።

«ቀልዱን ተቀብያለሁ ጋሼ። ጠፍሩን ግን አሁን።»

«እንዴ! ዘይነባ ቸኮለች! ኧረ ጎረቤት ጥሩ!»

ዱካው ላይ ተቀምጬ እስኪጨርሱ አልተነሳሁም። ከዙሁር በኋላ መኪናው ሥራ ላይ ነበር።

ሐሙስ

የቀበሌ ስብሰባ። መቅረት ያስቀጣል። ግማሽ ቀን ሊሄድብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ከዚያ የሙሽራዋን ቀሚስ በነጠላ ጠቅልዬ ሄድኩ። ከኋላ ተቀምጬ ጠርዙን በእጄ ዘመዘምኩ።

ሊቀ መንበሩ አዩኝ። «እመት ዘይነባ፣ እዚህም ስፌት?»

«ጆሮዬ ከእናንተ ጋር ነው» አልኩ። ሰው ሳቀ። ስለ ምን እንደተሰበሰብን አሁን ትዝ አይለኝም። ጠርዙ ግን አልቋል።

ዓርብ

ፀሐይ። ወይዘሮ አስካለ ከልጃቸው ጋር ዐስር ሳይደርስ መጡ። ሊቆጡ ተዘጋጅተው እንደመጡ ያስታውቃል። ሁለቱ ቀሚሶች ተተኩሰው ተሰቅለዋል። የሙሽራዋ ልክክ አለ። የእናትየው ወገቡ ጠበበ።

«እማዬ፣ የድግሱን ወጥ ስትቀምሺ ሰንብተሽ ነው» አለች ልጅቷ።

«ዝም በይ አንቺ ባለጌ!»

ደግነቱ በውስጥ በኩል ትርፍ ጨርቅ ትቼ ነበር። ፈትቼ ለቀቅኩት። የዐስር አዛን ሳይባል አለቀ።

ወይዘሮ አስካለ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ለካ ከፈለግሽ ትችያለሽ!» አሉኝ። ምስጋናም ነው፣ ስድብም ነው። ሁለቱንም ተቀበልኩ። አልሐምዱሊላህ።

ቅዳሜ

ገበያ። ወሬው ደርሷል። ስድስት ሰው ጨርቅ ይዞ መጣ፤ ሁሉም «ለማክሰኞ» ይላል። የለመድኩት ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ለሁለቱ ቀን ቆርጬላቸው ጨርቃቸውን ተቀበልኩ፤ ለእነሱ ከነቀኑ ኢንሻአላህ አልኩ። አራቱን «አይደርስልኝም» አልኳቸው። እንዴት ይከብዳል!

«ጭራሽ ኢንሻአላህ ማለትም ተውሽ?» አለችኝ ከአራቱ አንዷ፣ ጨርቋን ከእጄ እየነጠቀች።

ሰይድ ደንበኛ እንዳይሸሽ ሰግቷል። እኔም ሰግቻለሁ። ግን ከውሸት ቀጠሮ ባዶ ሱቅ ይሻለኛል አልኩት። «አንቺ ካልሽ» አለ።

እሑድ ጠዋት

ሱብሂ ሰገድኩ። የመኪናውን ጥርሶች ዘይት ቀባሁ። ሱቁን ከፈትኩ። ከወይዘሮ አስካለ ቤት እልልታ ይሰማል። የመለስኳቸው አራቱ ሌላ ጊዜ ይመጡ እንደሆነ አላውቅም። ትናንት ከተቀበልኳቸው ሁለት ጨርቆች አንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ቆረጥኩ።