ሰባቱም ዘጠና ዲግሪ

ይድረስ ለእናቴ ወንድም፣

እንደምን ከርመዋል? ሠላሳ ሦስት ዓመት ደጅዎን ያልረገጠ ሰው ዛሬ ተነሥቶ ጤና ሲጠይቅ ፌዝ ሊመስልዎት ይችላል፤ ቢሆንም ጉልበትዎ እንዴት ነው? በብርድ ወራት የሚነሣብዎት ሳል ተሻለዎት? እኛ ደህና ነን። እህትዎ ጆሮዋ ከብዷል፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው፣ ዶክተሩን ሳይቀር ትቆጣለች።

አባቴን የቀበርን ዕለት ከመቃብር ቦታው ግንብ ጥግ ቆመው እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ሰላም ሳይሉኝ ሄዱ። ያኔ እንኳንም ሄዱ ብዬ ነበር። አሁን ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም፤ የምጽፈውም ስለማላውቅ ነው።

የአባቴን መሣቢያ ሳጸዳ በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሰባት ሳንቲሞች አገኘሁ። ፊታቸው ላይ የፈረስ ራስ፣ ጀርባቸው ላይ የስንዴ ዛላ አለ። ፈረሱን ቀና አድርጌ ያዝኩና አንዱን በጣቶቼ መካከል ገለበጥኩት፤ ስንዴው መቆም ሲገባው በጎኑ ተኝቷል። ወዲያው አወቅኳቸው። እርስዎን ከሳንቲም ፋብሪካው ያስባረሩት እነዚያ ናቸው። የሳንቲሙን ጀርባ የሚያትመውን የታችኛውን ማኅተም የሚይዘውን ብሎን ሳያጠብቁ ማሽኑን አስነሡ፣ ማኅተሙ ዞረ፣ አንድ ሙሉ ሣጥን ተበላሽቶ ወጣ። ቤታችን የሚያውቀው ይህንን ነው። አባቴ ማኅተም ገጣሚ፣ እርስዎ የማሽኑ ሠራተኛ፤ ሥራ ያስገባውን የእህቱን ባል ያዋረደ ግዴለሽ።

አንድ የአሮጌ ሳንቲም ነጋዴ ዘንድ ወሰድኳቸው። ቤቴ እንዲያድሩ ስላልፈለግኩ ልሸጣቸው ነበር። ሰውየው ወሬ ይወዳል። ጀርባው ከፊቱ ከአሥራ አምስት ዲግሪ በታች የዞረውን ማንም ዞሮ አያየውም፣ ዘጠና ሲሆን ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል፣ መቶ ሰማንያ ከሞላማ ዓይናቸው ሌላ አያይም አለኝ። «በእኛ ገበያ፣ ጌታዬ፣ ጥፋቱ በከበደ ቁጥር ነው የሚወደደው» ብሎ ሳቀ።

ብሎን ላልቶ ነው ስለው ግን ሳቁን አቆመ። «ማን ነው እንዲህ ያለዎት?» አለ። ብሎን ሲላላ ማኅተሙ በየምቱ ጥቂት ጥቂት ነው የሚንሸራተተው፤ አንዱ ሳንቲም ስምንት ዲግሪ፣ ሌላው ሃያ፣ ሌላው አርባ ይሆናል እንጂ ሁሉም አንድ ቦታ አይቆምም። የማኅተሙ እግር አራት ማዕዘን ነው፤ አንድ ጎን ተሳስቶ ከተገጠመ ልክ ዘጠና ይመጣል። ከዚያው ሣጥን የወጡ ሌሎችም በእጁ አልፈዋል፣ ሁሉም ዘጠና ናቸው። «ይሄ ገና ሲገጠም የተሳሳተ ነው። ብሎኑማ ጥርሱን ነክሶ ይዞታል» አለኝ።

አላመንኩትም። ሠላሳ ዓመት መሬት የቀየስኩ ሰው ነኝ፤ በግማሽ ዲግሪ ስህተት ሠራተኛ አባርሬአለሁ። ቤት ገብቼ ወረቀት ላይ ክብ አስምሬ፣ በአጉሊ መነጽር ሰባቱንም ለካሁ። ዘጠና። በማግስቱ ደግሜ ለካሁ። ዘጠና። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛውን መስኮት አጠገብ አምጥቼ ለካሁ። ያው ነው።

እንግዲህ ይንገሩኝ። «ብሎኑን ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ» ብለው ለሥራ አስኪያጁ ለምን ፈረሙ? ጠብቆ የኖረን ብሎን ላልቶ ነበር ብሎ የሚፈርም ምን ዓይነት ሰው ነው? ተናድጄብዎታለሁ። ምናልባት የምናደድበት ሰው ጠፍቶኝ ይሆናል።

እናቴን ጠየቅኳት። ያልሰማች መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩላት። «ሰምቻለሁ፣ አትጩህብኝ። ሂድና ራሱን ጠይቀው። ያኔ ከሁለቱ ሚስትም ልጅም ያልነበረው እሱ ብቻ ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ይህ መልስ ነው?

አንድ ነገር ደግሞ ይመላለስብኛል። በዚያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስመጣ አባቴ ጋዜጣውን በየቀኑ ያስነብበኝ ነበር። የተማረ ልጁን ድምፅ መስማት ወዶ ነው ብዬ ኮራሁ። የሸሚዙን ቁልፍ በዳበሳ ሲስት የምትቆልፍለት እናቴ ነበረች። እርስዎ በተባረሩ በሦስተኛው ወር ራሱ ለምኖ ወደ በር ጥበቃ ተዛወረ፤ ጡረታም የወጣው እዚያው ነው። ይህ ሁሉ ዛሬ ለምን እንደሚታወሰኝ እንጃ።

ያኔ የጻፍኩልዎትን ደብዳቤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ደጃችን እንዳይደርሱ ብዬ በሙሉ ስሜ ፈረምኩበት። እስከዚያ ድረስ አንተ ነበር የምልዎት፤ አንቱ ያልኩዎት በዚያ ደብዳቤ ነው፣ ለማክበር እንዳልነበረም ያውቃሉ። መልስ አልሰጡም። ሁለት መስመር ቢጽፉ ምን ነበረበት?

ነጋዴው ለሰባቱ ደህና ዋጋ ጠርቶልኝ ነበር፤ ይዣቸው ወጣሁ። አንዱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ፈረሱን ቀና አድርገህ ያዘውና ገልብጠው።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ካልከፈትክልኝ ደጅህ ቁጭ እላለሁ። እህትህም «ካልወሰድከኝ በእግሬ እሄዳለሁ» እያለችኝ ነው፣ ታውቃታለህ። ማኅተሙን ማን እንደገጠመው አልጠይቅህም። የምጠይቅህ ጉልበትህን ነው።

ፈጣሪ ጉልበትህን ይጠግንልኝ፤ ከቅዳሜም በኋላ ብዙ ቅዳሜ ይስጥህ።

በትከሻህ ላይ ያደገው
የእህትህ ልጅ